ጻድቃኑም አላዩትም

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረውን የመጨረሻውን ፍርድ የማያውቅ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል። ለተራበ፣ ለተጠማ፣ እንግዳ ለሆነ፣ ለታረዘ፣ ለታመመና ለታሰረ ሰው የተደረገው ሁሉ ለንጉሡ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። ከዐውደ ምሕረት እስከ ቴሌቪዥን ስብከት፣ ከለቅሶ ቤት እስከ ገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ይህ ክፍል በተነበበ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ በድሃው ፊት ላይ እግዚአብሔርን ተመልከቱ ይባላል። ምክሩ አይከፋም። ታሪኩን ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኝበታል። በቀኝ የቆሙት ጻድቃን ሲመሰገኑ ግራ ይጋባሉ፤ ንጉሡን መቼ እንዳዩት፣ መቼ እንዳበሉትና እንዳጠጡት አያውቁም። በግራ የቆሙትም የሚጠይቁት ያንኑ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች የለያቸው አንዱ አምላክን ማየቱ፣ ሌላው አለማየቱ አይደለም። ሁለቱም አላዩትም። በቀኝ ያሉት ያዩት የራበው ሰው ነበር፤ አበሉት፤ በቃ።

ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። «እግዚአብሔርን በሰው ውስጥ ማየት» የሚለው አነጋገር በአንደበታችን በተደጋገመ ቁጥር ወደ ስሜት እያደላ መጥቷል፤ ልብ የሚነካ፣ እንባ የሚያመጣ፣ ሰውን ለአንድ አፍታ ከራሱ በላይ ከፍ የሚያደርግ ተመስጦ ይመስለናል። ወንጌሉ ስለ ተመስጦ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ እንጀራ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ልብስና ስለ ማደሪያ፣ የታመመንና የታሰረን ሄዶ ስለ መጠየቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። አምላክን በባልንጀራው ውስጥ ለማየት የሚጓጓ ሰው አስቀድሞ ባልንጀራውን ራሱን ማየት አለበት፤ ምን እንደ ራበው፣ የት እንደሚያመው፣ ስንት እንደሚከፈለው። ሰውየውን ዘልሎ ወደ አምላክ ለመድረስ የሚሞክር ሁለቱንም ያጣል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የዛሬው ክርስቲያን ከባዱ ፈተና ያለው ብዙዎቻችን በምንገምተው ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አይደለም።

ቢሆንም ደጃፉን በቸልታ ማለፍ አይገባም። በአገራችን ከቅጥሩ ውጭ ተሰልፈው ምጽዋት የሚጠይቁ ወገኖች በአምላክ፣ በእመቤታችንና በዕለቱ ቅዱስ ስም ይማጸናሉ፤ በ12 ስለ ሚካኤል፣ በ21 ስለ ማርያም፣ በ23 ስለ ጊዮርጊስ። ሰጪው የተቀባዩን ስም አያውቅም፤ የቅዱሱን ስም ግን ያውቃል። በገጠር መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ተብሎ፣ እግሩ ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ ማደሩ ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነው። በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴም ዝክሩ ለነዳያን ሳይደርስ ቢበተን ነውር ነው። ይህን ሁሉ እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚያጣጥሉ ሰዎች፣ ጡረታም ሆነ የጤና መድን ባልነበረበት ዘመን አካል ጉዳተኛውንና ጧሪ አልባውን በሕይወት ያቆየው ማን እንደ ነበር ቢጠየቁ መልሱ ይቸግራቸዋል። ያቆየው በእግዚአብሔር ስም የተሰጠ ቁራሽ ነው።

በዚህ ልማድ ላይ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያህል አሻራውን ያሳረፈ ትረካ ያለ አይመስለኝም። በተአምረ ማርያም የሚነገረው፣ በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታወሰው ይህ ሰው 78 ሰዎችን የበላ ነው። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ገላው የቆሰለ፣ ጥም ያቃጠለው ምስኪን ያገኛል፤ በእመቤታችን ስም ሲማጸነው ጥርኝ ውኃ ያጠጣዋል። ነፍሱ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ ያች ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍሳት ጋር ተመዝና ሚዛን ትደፋለች። ታሪኩን የሚነቅፉ አሉ፤ በተለይ ከወንጌላውያን አማንያን በኩል የቆየ ትችት አለበት፣ የሟቾቹን ደም ያረክሳል የሚል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትረካው ሳይሆን የምንሰማበት መንገድ ነው። ውኃውን የጠጣው ሰው ወዲያው ከዓይናችን ይጠፋል። ጥሙ ቆረጠለት ወይስ አልቆረጠለትም? ቁስሉን የሚያጥብለት አገኘ? ያን ሌሊት የት አደረ? ማንም አይጠይቅም። የአድማጩ ሁሉ ዓይን ሚዛኑ ላይ ነው። የጥርኝ ውኃዋ ምስጢር ሰው በላው እንኳ ለአንድ አፍታ ሌላውን እንደ ሥጋ ሳይሆን እንደ ሰው ማየቱ ሆኖ ሳለ፣ እኛ የወሰድነው የሂሳቡን ውጤት ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሆን ድሃው ለሰጪው መሰላል ይሆናል፤ መሰላል ደግሞ የሚፈለገው ለመውጫ እንጂ ለራሱ አይደለም። በአዲስ አበባ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ብር በሳንቲም የሚመነዝሩ ሰዎች መኖራቸው ይህንኑ ያሳያል። አሥር ብር ተመንዝሮ ለአሥር ሰው ሲታደል ሰጪው አሥር ምርቃት ያገኛል፤ አንድ ብር የደረሰው ሰው ግን ዳቦ አይገዛበትም። ምጽዋቱ የተሰላው በተቀባዩ ረኀብ ሳይሆን በሰጪው በረከት ብዛት ነው። ሰጪዎቹን ክፉ ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከጉድለታቸው የሚሰጡ ናቸው። ስሌቱ ግን የተገለበጠ ነው።

ስሌቱን መልሶ የሚያቃና ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ነበር። ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበርና በመንገድ ላይ ለተራቡት የያዙትን ዳቦና ጠበል ያካፍሉ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያደረጉት የተለመደውን ነው። ከዚያ የሞተች እናቷ ጡት ላይ የተጣበቀች ሕፃን አገኙ። ለሕፃን ሳንቲም አይመጸወትም፤ ወይ ትወስዳታለህ፣ ወይ ትተዋታለህ። ወሰዷት። ቤታቸው ሲደርሱ የገጠማቸው ሙገሳ ሳይሆን ተቃውሞ ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያች ቀን ውሳኔ የብዙ ሺህ ሕፃናት መጠጊያ የሆነ ድርጅት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና ሕመም ሲያርፉ አገር ያለቀሰላቸው በግሸን ስላዩት ራእይ አልነበረም።

ስለ ራእይ ካነሣን አይቀር ማዘር ትሬዛን ማንሣት ግድ ነው። ክርስቶስን በድሃው ገላ ውስጥ መንካት የሚለውን ትምህርት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ እሳቸው ያስፋፋ የለም፤ እህቶቻቸው በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባለው ቤት ማንም ያልተቀበላቸውን ሕሙማን ተቀብለው ሲያስታምሙ ዐሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1994 የታዋቂው የሕክምና መጽሔት የላንሴት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ በካልካታ ያለውን የሞት አፋፍ ሕሙማን ማረፊያ ጎብኝተው የጻፉት ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። በቅንነት የሚደረግ እንክብካቤ አለ፤ ምርመራው ግን ደካማ ነው፣ ሊድን የሚችለው ከማይድነው በቅጡ አይለይም፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የለም። ትችቱን የጠሉ ሰዎች ሐኪሙን እምነት የለሽ አድርገው ሊያጣጥሉት ሞክረዋል። ነገሩ ግን ከእምነት ጋር አይጋጭም። በሕሙሙ ውስጥ የክርስቶስን ሕማም አያለሁ የሚል ሰው ሕማሙን እንደ ቅዱስ ነገር እያከበረ ማስታገሻውን ሊረሳ ይችላል። ሕሙሙ የጠየቀው ግን መድኃኒት ነው።

የማዘር ትሬዛ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙት የግል ደብዳቤዎቻቸው ዓለምን አስገረሙ፤ እኚያ ክርስቶስን በድሃው ውስጥ እዩ ሲሉ የኖሩት እናት ለዐሥርተ ዓመታት አምላክ ከእሳቸው የራቀ ሆኖ ይሰማቸው ነበር። በጸሎትም በሥራም ጨለማ ብቻ። አንዳንዶች ይህን ግብዝነት አሉት። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ከማቴዎስ 25 ጋር የሚስማማው የሕይወታቸው ክፍል ይህ ይመስለኛል። አላዩትም፤ ቢሆንም በነጋ ቁጥር ተነሥተው የወደቀውን አነሡ። ተመስጦው ከተቋረጠ በኋላ ቁስል ማጠቡ ከቀጠለ፣ ሥራው መጀመሪያም ቢሆን በተመስጦ ላይ አልቆመም ነበር ማለት ነው።

በዚሁ በአገራችን ደግሞ ሰውን ማየት ወደ ጥበብና ወደ ሙያ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምስክር አለ። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲመጡ ጽኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። ያገኟቸው በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶች በረጅም ምጥ ልጃቸውንም ጤናቸውንም ያጡ፣ ሽንት መቆጣጠር ባለመቻላቸው ከትዳርም ከጉባኤም የተገፉ ነበሩ። ለእነዚህ ሴቶች ማዘን ቀላል ነበር፤ አካባቢያቸውም ያዝንላቸው ይሆናል፣ ከሩቅ ሆኖ። ባልና ሚስቱ ያደረጉት ግን ቀዶ ሕክምናውን ማጥናትና ማሻሻል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ ብቻ የቆመ ሆስፒታል መክፈት፣ ቆይቶም ችግሩ ከምንጩ እንዲደርቅ አዋላጆችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ማቋቋም ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በነጻ ታክመዋል። ከቀድሞ ታካሚዎቹ አንዷ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ቀዶ ሕክምናውን ተምረው ለሌሎች ሐኪሞች አስተማሪ እስከ መሆን ደርሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ታካሚዋ መሰላል አልሆነችም፤ እንዲያውም ቢላዋውን ራሷ ያዘች።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ሰውን እንደ ሰው ማየት ከበቃ፣ እግዚአብሔር ምን ያደርጋል? ይህ ክርስትና ሳይሆን ተራ ሰብአዊነት አይደለምን? የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መሪ ቃል ይዞ ሲነሣም ይኸው ጥያቄ የተፈጠረባቸው አማኞች አልጠፉም። ጥያቄውን አልንቀውም። መልሱ ግን ያለው በራሷ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ነው። ተዋሕዶ የምትለው አምላክ ሥጋን ተዋሕዶ ሰው ሆነ፣ መለኮቱ ከሥጋው አይለይም ነው። ይህን የሚያምን ሰው ሥጋን እንደ ልብስ ገልጦ ወደ መለኮት ማለፍ አይችልም። በቤተልሔም የታየው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር፤ ሕፃኑን ያላቀፈ አምላክን አላገኘም። ክርስትና ከሰብአዊነት የሚለየው ሰውን በማሳነሱ አይደለም፤ ሰውን ማየት ከአምልኮ ውጭ እንዳይደለ በመናገሩ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮሐንስ አፈወርቅ ክርስቶስን በመቅደስ በሐር እያለበሱ በደጅ በብርድ ታርዞ ሲቆም የሚያልፉትን አጥብቆ ነቅፏል። በዚያው ዘመን ባስልዮስ በቂሣርያ ዳርቻ ለሕሙማን፣ ለድኾችና ለመንገደኞች ማረፊያዎች አሠርቷል። ሁለቱም በስማቸው የተሰየመ ቅዳሴ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። አምልኮን ያቃለሉ ሰዎች አልነበሩም።

ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ተቃውሞ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስን ማዳን ነው፣ ዳቦውን ለመንግሥትና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ተዉት የሚለው ነው። ይህን የመለሰው አንድ ኢትዮጵያዊ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1972 ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ ለጋሾች ደብዳቤ ጻፈች። ለጋሾቹ ለልማት እንጂ ለስብከት ገንዘብ አንሰጥም ማለት ጀምረው ነበርና፣ ደብዳቤው ሰው ለሁለት አይከፈልም፣ ሥጋውን ከነፍሱ ለይታችሁ ልትረዱት አትችሉም ሲል ሞገተ። ክርክሩ ወደ ሁለቱም በኩል ይቆርጣል፤ ነፍሱን ብቻ እናድናለን የሚሉትንም ይመለከታል። ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ታፍነው ተገደሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ብዙ የማይስማሙበት ነገር ነበር፤ ገዳያቸው ግን አንድ ነበር።

አሁን ወደ ከባዶቹ ቦታዎች እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶ ኢትዮጵያውያን ከ62 በላይ የሚሆኑት ክርስቲያኖች ናቸው። በዚህች አገር ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በኦሮሚያ የቀጠለው ግጭት አንድ ጾም የሚጾሙ፣ አንድ ወንጌል የሚሳለሙ ሰዎች ጭምር እርስ በርስ የተላለቁበት ነው። ሁሉም ወገን ጸልዮአል፤ ብዙዎቹም አንገታቸው ላይ ማዕተብ አስረው ነበር። ለዚህ ያመቻቸን አንዱ ነገር አንደበታችን ነው። ሌላውን ወገን አውሬ፣ ተባይ፣ ነቀርሳ አድርገን ከጠራነው በኋላ ስለ መሞቱ ማዘን አይጠበቅብንም። በየአደባባዩና በየማኅበራዊ ሚዲያው እነዚህን ቃላት ካስተጋቡት መካከል የሃይማኖት አስተማሪዎችም ነበሩ፤ ይህ ገና በቅጡ ያልተነገረ ኃጢአት ነው።

በዚህ ጊዜ የሚሰማው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ልጄን የገደለውን፣ ቤቴን ያቃጠለውን፣ እህቴን የደፈረውን እንዴት የእግዚአብሔር አምሳል ነው ልበል? ይህ የፍትሕን ጥያቄ በመንፈሳዊ ቃል ማፈን አይደለምን? ተጎጂው እንዲህ ሲል ማንም በስብከት ሊያዳፍነው መብት የለውም፤ በተለይ ምንም ያልደረሰበት ሰባኪ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ፍትሕን የሚያስቀረው በዳይን ሰው ማለት ሳይሆን አውሬ ማለት ነው። አውሬ አይከሰስም፤ ይገደላል ወይም ይሸሻል። በፍርድ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው መልስ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ቢያንስ በወረቀት ላይ የቆመው በዚህ መነሻ ነው፤ ሟቹም ስም አለው፣ ገዳዩም ስም አለው ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌልም ከስድስቱ አንዱ እስረኛ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ይታሰር ወይም አጥፍቶ አልተነገረም። መጠየቁ ከመፈረዱ ጋር አይጋጭምና። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው የሚደረጉ ናቸው።

የጦርነቱ ጉዳይ ግን ከብዙዎቻችን እጅ የራቀ ነው። ከእጃችን ያልራቀው በየቤታችን ማድ ቤት ውስጥ አለ። የቤት ሠራተኛዋ ከሁሉ በፊት ትነሣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ብዙውን ጊዜ ከገጠር በደላላ በኩል የመጣች፣ ዕድሜዋ በእርግጥ የማይታወቅ ልጅ ናት። በጾም ወራት እሷም ትጾማለች፤ ሽሮውንም፣ የልጆቹን የፍስክ ምግብም የምትሠራው እሷ ናት። ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ ሲሄድ ቤት ጠባቂዋ እሷ ናት። ለደጃፉ ምጽዋት ሳንቲም የሚመነዝረው እጅ የእሷን ደመወዝ በየወሩ ሊያዘገይ ይችላል፤ ነውር መሆኑም አይታወቀውም። ስለ ማርያም ብላ ስለማትለምን አትታይም።

ሕጉም ብዙ አይረዳትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል አገልግሎት በቤት ውስጥ የሚሠራን ሰው ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጎ ጉዳዩን በደንብ እንዲወሰን ተወው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኛ ያሉት አንቀጾች ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም ነገሩን ለአሠሪው ኅሊና ይተዉታል። ምናልባት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ የክርስቲያን ኅሊና እንዲህ በቀጥታ የተጠራበት ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የመኝታ ቦታው፣ ሕክምናው ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ኅሊና ላይ ተንጠልጥሏል። ኅሊናውም እንዴት እንደሠራ ውጤቱን እያየነው ነው።

በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ሳለች አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሲሄዱ አገር በቁጣ ተነሥቶ ነበር። ቁጣው ትክክል ነበር። ፓስፖርት መቀማት፣ ደመወዝ መከልከል፣ ከቤት እንዳይወጡ መቆለፍ ግፍ ነው አልን። ግፉን ግን ያወቅነው ሩቅ ስለ ነበረ ይመስለኛል። በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም፣ በባሕር ዳርም ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም።

«እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚለው መልስ ከማንኛውም ተቃውሞ ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከልብ ይባላል። ይህ መልስ ግን ይፈተን። የቤቱ ልጅ ትማራለች፤ ሠራተኛዋ የማታ ትምህርት ቤት ትገባለች ወይ? የቤቱ ልጅ ስትታመም ሐኪም ቤት ትወሰዳለች፤ እሷስ ወደ አገሯ ትሸኛለች? ከማዕዱ ትቀርባለች ወይስ የተረፈውን ቆማ ትበላለች? ልጅ ከሆነች ደመወዝ ለምን አስፈለጋት፣ ሠራተኛ ከሆነችስ የዕረፍት ቀኗ የታል? የቤተሰብነት ቃል ከፍቅር የሚመጣበት ቤት አለ፤ ሆኖም የልጅነትን መብትም የሠራተኝነትን መብትም በአንድ ጊዜ ለማስቀረት የሚያገለግልበት ቤት ይበዛል። ሌላው መልስ አሠሪው ራሱ በኑሮ ውድነት የተጨነቀ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም መምህር ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ደመወዙን እጥፍ ያድርግ የሚል የለም። ግን ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጻ ማድረግ፣ በር ያለው መኝታ መስጠት፣ በስሟ መጥራት ከኪስ ብዙ አያወጣም።

ይህን ከምኞት ወደ ሥራ የሚያመጣ ነባር መንገድ ደግሞ አለን። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ የንስሐ አባት ጠበል ሊረጭ፣ ሕመምተኛ ሊጠይቅ፣ ዝክር ሊባርክ ወደ ቤት ይገባል። የቡናውን ሲኒ የምታቀርብለትን ልጅ ያያታል። ስለ ጾምና ስለ ቍርባን ሲጠይቅ ስለ ደመወዟ ቢጠይቅ አዲስ ሥርዓት አላመጣም፤ የሠራተኛ ዋጋ ሳይከፈል እንዳያድር ኦሪት አዝዛለች፣ የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽ ያዕቆብ በመልእክቱ ጽፏል። በወንጌላውያን ዘንድም በየቤቱ ለጸሎት የሚሰበሰበው ኅብረት በዚያው ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ ሻዩን የምታቀርበውም እሷው ናት፤ መሪውም ያንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ካህኑ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማድረግ ይችላል። ከቤተሰቡ ውጭ፣ ለብቻዋ፣ ለእሷም የንስሐ አባቷ መሆኑን ቢነግራትና የምትናገረው በእርሱ ዘንድ እንደሚቀር ቢያስረዳት፣ ያ ቤት እስከ ዛሬ ያልሰማውን ብዙ ነገር እሱ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ለአሠሪዎቿ ስለ ምን እንደሚያስተምር አይቸገርም።